እጅ ያልገባበት ጎተራ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሙሉ ጎተራና ደግ ሚስት ነበሩት። በቤቱ ትኩሱ ምግብ ለእሱ፣ ወተቱ ለልጆች፣ ሥጋው ለእንግዳ ይቀርባል። ሚስቲቱ የምትበላው ሁሉም ከገበታ ከተነሡ በኋላ ነው፤ የደረቀውን፣ የከረመውን፣ ሻጋታው የተፋቀለትን። አንድ ቀን የሻገተ እንጀራ ለበሬው ልትሰጥ ስትል ባሏ አያት።

«ተይ አንቺ! በሬዬን ልታሳምሚብኝ ነው?»

«ታዲያ የእግዜር እህል ይጣል?» አለችና ራሷ በላችው።

እያደር መገጣጠሚያዋን ይጠዘጥዛት ጀመር። ቀጥሎ ሳቋ ጠፋ። ልጇ «እማ!» ሲላት ድምፁ ከወንዝ ማዶ የመጣ ይመስላታል። «ምን ጎደለኝ?» ትላለች፤ ራሷንም ትረግማለች። ጎረቤቶች «ጥጋብ ነው! አረም ላይ ብትውል ይለቃት ነበር» ብለው ተሳሳቁባት። ባሏ ጸበል ወስዶ መለሳት። ስትመለስ የጠበቃት ያው ትራፊ ነበር።

በዚያ ዓመት እህሉ በደንብ ሳይደርቅ ነበር የተከተተው። አንድ ቀን ገበሬው ጎተራውን ከፍቶ እጁን እስከ ክርኑ አስገባ። ጢስ የለም፣ ነበልባል የለም፤ እህሉ ግን ውስጥ ለውስጥ ይፋጃል።

«ድረሱልኝ! እህሌ አለቀ!»

መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ እህሉን አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ሴቲቱ ከተኛችበት ሆና ታያቸው ነበር።

«እኔንስ ማን በፀሐይ ያስጣኝ?» አለች።

ባሏ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ወተቱንም ጎመኑንም ትኩሱንም አስቀድሞ ለእሷ አቀረበ። በላች፤ ሳቋ ግን አልተመለሰም። ያም እህል ሲያዩት ደህና ነበር፤ ቢዘራው አልበቀለም።

ልጄ፣ «ቤቴ ሙሉ ነው፤ ሚስቴ ምን ጎድሎባት ታለቅሳለች?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ሐዘን ሁሉ ከገበታ ይመጣል አልልህም፤ እኔን እናትህን የሚያስለቅሰኝ የአባትህ ሞት ነው እንጂ እህል አይደለም። ነገር ግን ክፉ ምግብም በሴት ገላ ውስጥ ጢስ የሌለው እሳት ያነድዳል፤ እሳቱም ልቧን ያጨልመዋል። ጎተራህን እጅህን እየከተትህ ትፈትሻለህ። ሚስትህ እናንተ ከተነሣችሁ በኋላ ጓዳ ገብታ ምን እንደምትበላ አይተህ ታውቃለህ? ለዚያች ሴት ባሏ ሲነቃ መሽቶባት ነበር። ለአንተዋ መሽቶ እንደሆነ አላውቅም። ሂድና እይ።