የጫኙ የይመር ድርሻ

ከዋርካው በላይ መስጊድ፣ ከዋርካው በታች የበቅሎ ማራገፊያ ባለባት አንዲት የጥንት የነጋዴ ከተማ ሐጂ ሙሔ የሚባሉ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። የከተማዋን ስም አትጠይቁኝ፤ ከነገርኳችሁ ዘመድ መቁጠር ጀምራችሁ ታሪኩን ታስረሱኛላችሁ።

ሐጂ ሙሔ ገና በወጣትነታቸው ይመር የሚባል ጫኝ ቀጠሩ። “ጉልበትህ እስኪደክም አብረኸኝ ከሠራህ፣ ከዚያ በኋላ ቤትህ ተቀመጥ። በየዓመቱ መከር ሲገባ ከማመጣው እህል የአንድ በቅሎ ጭነት ያንተ ነው። በቅሎዋንም የምትመርጠው አንተ ነህ” አሉት። ቃሉን ለማጽናት ፋቲሓ ተቀራበት፤ ወረቀት አልተጻፈም።

ይመር ሠላሳ ዓመት ጫነ፣ አራገፈ። ወገቡ እምቢ ሲለው ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ መከር በገባ ቁጥር ዋርካው ሥር ይመጣል፣ በቅሎዎቹን ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ የአንዷን ልጓም ይይዛል። የሚይዘው ሁልጊዜ ትንሽ የተጫነችውን ነው።

“ይመር፣ ያቺ ወፍራሟ አትታይህም?” ይሉታል ሐጂ።

“ዓይኔ ደክሟል፣ ሐጂ” ይላል።

አንድ ዓመት መንገድ ላይ በሽታ ገብቶ በቅሎዎቹን ፈጃቸው። ከሃያዎቹ አንዲት ዳማ በቅሎ ብቻ ማሽላ ተጭና ተመለሰች። የሐጂ ቤት የቀረው እህል ያ ብቻ ነበር። ልጅ ያልወለዱት ይመርና ሚስቱ መዲናም የሚጠብቁት እሱኑ ነው።

የሐጂ ልጅ ጀውሃር፣ “አባዬ፣ ግማሹን እንስጣቸው። ቃሉ የተገባው በደጉ ጊዜ ነው፤ እነሱም ይረዱናል” አለ።

“በደጉ ጊዜ?” አሉ ሐጂ። “ያኔ የነበሩኝ ሁለት በቅሎዎች ናቸው። አንዷም አንካሳ ነበረች።”

ዋርካው ሥር ቢጠብቁ ይመር የለም። ወሬውን ሰምቶ ከቤቱ ሹልክ ብሏል። ሐጂ ልጓሙን ራሳቸው ይዘው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ሰፈር ለሰፈር ሲፈልጉት ዋሉ። በመጨረሻ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ለሶላት እግሩን ሲያጥብ አገኙት።

“ውዱእ ላይ ነኝ፣ ሐጂ” አለ ቀና ሳይል።

“ከቀትሩ ከዙህር ሶላት ጀምሮ?”

“ሰው ሲያረጅ ውዱእ ይረዝማል።”

ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሐጂም ሳቁ፤ ልጓሙን ግን አለቀቁም።

“ተነስና በቅሎህን ምረጥ።”

“አንዲት ናት፤ ከምኑ ልምረጥ?”

“እንግዲያስ ዘንድሮ ዓይንህ አያታልልህም።”

ይመር እንባው መጣ። ከልቡ አዝኖ፣ “ልጆችዎ ምን ሊበሉ ነው?” አለ።

“እሱን ለአላህ ተውለት። ያንተ ሥራ ልጓሙን መያዝ ነው።”

ያዘው። ትንሽ እንደሄደ ዞር አለ። “አሁን የኔ ናት?”

“ያንተ ናት።”

“በእህሌ የፈለግሁትን ባደርግ የሚከለክለኝ የለም?”

“ማን ደፍሮ!”

“እንግዲያስ እህሉ እስኪያልቅ ራታችሁ እኔ ቤት ነው። ሠላሳ ዓመት የእርስዎን በላሁ፣ አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው።”

ሐጂም ከነቤተሰባቸው ሄዱ። ያ ማሽላ እስከ መቼ እንደበቃ አልተነገረኝም። የመዲና ቤት ሳቅ ግን መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር አሉ።

የመጀመሪያው ማታ ከራት ሲመለሱ ጀውሃር አባቱን ጠየቀ፤ “ግማሹን ብንሰጥ ምን ነበረበት?”

ሐጂ ሙሔ እንዲህ አሉ፦ “ልጄ፣ ይመር ዝናብ በጠፋበት ዓመትም ጭነቱን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎብኝ አያውቅም።”

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይቺን ንግግር ያዙልኝ። ዛሬ አንዳንድ ድርጅት ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለውን ሰው በጭብጨባና በግድግዳ ሰዓት ይሸኘዋል። ቃል የተገባለት ጡረታ ሲነሳ፣ “ዘንድሮ ገበያው ቀዝቅዟል” ይባላል። ይገርመኛል፤ ያናድደኛልም። ገበያው በቀዘቀዘባቸው ዓመታት ሰውዬው ሥራውን ትቶ ቤቱ ተኝቶ ነበር እንዴ? ያንን ቃል አምኖ ወጣትነቱን ሰጠ፤ ወጣትነቱን ደግሞ መልሱልኝ ቢል የሚመልስለት የለም። ስለዚህ ጡረታው አማና ነው፣ እጃችሁ ላይ ያለ አደራ፤ ችሮታ አታድርጉት።

ደግሞ ጨዋ ሠራተኛ አይጠይቅም፤ ያፍራል። የእናንተም ይመር ይኼኔ አንድ መስጊድ ግቢ ውስጥ ውዱኡን እያስረዘመ ይሆናል። እስኪመጣ አትጠብቁት፤ በቅሎዋን እየሳባችሁ ሂዱና ፈልጉት።