አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ሙሽራ

የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጽና የሚያቀናብር አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግርሽም፤ ዛሬም በዚያው ከተማ እየሠራ ነው፣ የደረሰበት ይበቃዋል። አንቺ ትርሲት፣ የራስሽን ስቱዲዮ ልትከፍቺ ነው፣ እሰየው። «ጋሼ፣ ለኤዲቲንግ የትኛውን ኮምፒውተር ልግዛ?» ብለሽ ከስልክሽ ላይ ያሳየሽኝን ባለመብራት ዕቃ አይቼዋለሁ። ያምራል፣ አልዋሽሽም። ግን ገና ሳየው ያ ሰው ትዝ አለኝ። ስለዚህ ቁጭ በዪና መጀመሪያ የእሱን ስሚ፤ ሱቁ የትም አይሄድም።

ሰውዬው ጎበዝ ነበር። የት ጋ እንደሚቆረጥ፣ የት ጋ እንደሚቀጠል ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ያስቸገረው አሮጌ ኮምፒውተሩ ነበር። አንድ ሰርግ ሬንደር ሲያደርግ፣ ማለትም የተቆራረጠውን ሁሉ አዋህዶ አንድ ፊልም አድርጎ ሲያወጣ፣ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ያቃስታል። ስለዚህ የጥር ሰርግ ሳይደርስበት አዲስ ልግዛ ብሎ ተነሣ።

በከተማው አንድ ልማድ አለ፤ አንቺም ደህና አድርገሽ ታውቂዋለሽ። ሙሽሮች ቪዲዮ ሊያሠሩ ሲመጡ ከኤዲተሩ ጀርባ አግዳሚ ላይ ይደረደራሉ። እናት ትመጣለች፣ አክስት ትመጣለች፣ ሚዜ ይመጣል። ይኼን ዘፈን አድርግልን፣ እዚህ ጋ አበባ ይርገፍ፣ እሷን ቁረጣትና እሱን አስገባው እያሉ ያዋክቡታል። ስለ ሥራው የሚያውቁት ነገር የለም፣ የሚፈርዱት ባዩት ነው። ኮምፒውተሩ በመስታወት ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ካበራ ስቱዲዮ ማለት ይኼ ነው ብለው ቀብድ ይሰጣሉ፤ ተራ ጥቁር ሣጥን ካዩ ደግሞ ቤቱ የደከመ ይመስላቸዋል። ሰውዬውም ሱቅ የገባው ይህን አግዳሚ በልቡ ይዞ ነበር። ባለመስታወት ኬዝ መረጠ፣ መብራታቸው የሚሽከረከር ማራገቢያዎች መረጠ፣ ምስሉን ከሚያፈጥነው ግራፊክስ ካርድም ትልቁን አለ።

ሻጩ ደግ ሰው ሆኖ ሁለት ነገር ነገረው። ይህ ካርድ ኃይል ስለሚበላ ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ፣ ያቺን ከግድግዳው ኤሌክትሪኩን ተቀብላ ለሌላው ዕቃ ሁሉ የምታከፋፍለውን ሣጥን፣ ደህናዋን ውሰድ አለው። ደግሞም ዲስክ ሟች ስለሆነ ሥራህን ሁለት ዲስክ ላይ አስቀምጥ፣ አንዱ ቢሄድ አንዱ ይተርፍልሃል አለው። ሰውዬው ሣጥኗን አገላብጦ አያት። ጥቁርና ደብዛዛ ነገር ናት፤ ስትገጠም ደግሞ ኬዙ ሥር ትደበቃለች። ማን ሊያያት! ርካሿን አንሥቶ፣ ሁለተኛውን ዲስክ ለሌላ ጊዜ ትቶ፣ በተረፈው ገንዘብ መብራት አስጨመረ።

ጥር መጣ። ጾም ከመግባቱ በፊት ሰርግ እንዴት እንደሚደራረብ ላንቺ አልነግርሽም። የዛሬው ሰርግ ወደ ኮምፒውተሩ እንደተገለበጠ የካሜራው ሚሞሪ ካርድ ለነገው ይፈለጋልና ያለበት ሁሉ ይሰረዛል። ሁላችንም እንዲህ ነው የምንሠራው፣ እሱን ብቻ መውቀስ አይቻልም። ግን አስቢው እስኪ። የዚያ ወር ሙሽሮች ሁሉ፣ መሐላቸውም ጭፈራቸውም፣ በአንድ ዲስክ ላይ ነበሩ፤ ዲስኩ ደግሞ ኃይል የሚያገኘው ከዚያች ርካሽ ሣጥን ነበር።

ከነዚያ ሰርጎች በአንዱ የሙሽራይቱ አባት ታመው ነበር። ሰርጉም የተጣደፈው ለእሳቸው ሲባል ነው። ልጃቸው ከቤት ልትወጣ ስትል ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸውም እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ይመርቋት ጀመር። ድምፃቸው ደክሟል። በር ላይ ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ፣ ጓዳ ያሉት ሴቶች እልል ይላሉ፣ ልጅቷ እንባዋን መግታት አቅቷት ትንሰቀሰቃለች። ሽማግሌው የሚሉትን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድም ሰው አልሰማም። የሰማቸው ሰውዬው ጋቢያቸው ላይ የሰካው ትንሽ ማይክ ብቻ ነበር። እሷም ግዴለም፣ በቪዲዮው እሰማዋለሁ ብላ ተጽናናች።

ሰውዬው ካሜራውን ይዞ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። የሚያየው ግን የሽማግሌውን እጅ መንቀጥቀጥና ከመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን ነበር። ስቱዲዮው ተመልሶ ያችን ቦታ ሲያቀናብርም ድምፁን ደካማ ነው ብሎ ዘጋና ዘፈን ጫነበት። ምስሉን አለሳለሰው፣ የእጃቸውን መንቀጥቀጥ አስተካከለው፣ ወደ ሌላው ሰርግ አለፈ።

አንድ ቀን ሬንደር እያደረገ ሳለ ኮምፒውተሩ ድንገት ጥፍት አለ። መብራት ሄዶ ነው እንዳይል የጎረቤት ሬዲዮ ያወራል። ማብሪያውን ቢጫነው ተነሣለት፣ እፎይ አለ። ሌላ ቀን ደገመው። ከዚያ ደግሞ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል ሽታ ክፍሉ ውስጥ ይሸት ጀመር። ሰውዬው በዚህ ጊዜ ፈራ። ቬንትሌተር አምጥቶ ፊት ለፊቱ ደቀነበት። ሬንደር በጀመረ ቁጥር ልቡ ስለማይችል ወጥቶ በር ላይ ይቆማል፣ የማራገቢያው ድምፅ አለ ወይ ብሎ ያዳምጣል። እያደር ደግሞ ማጥፋቱንም ፈራው፤ ካጠፋሁት አይነሣልኝም አለ። ቤት ገብቶ ምሳ ሲበላ ጆሮው ስቱዲዮው ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲቆም የሚጸልየው ስለዚያ ማሽን ሆነ። ሚስቱ ምን ሆነህ ነው የምትከሳው ስትለው ምንም አልሆንኩም ይላታል።

ደንበኞች ሲመጡ ግን ፈገግ ብሎ ይቀበላቸዋል። ጀርባውን ሰጥቷቸው ይቀመጣል፣ መብራቱ ቀይና ሰማያዊ ይሽከረከራል፣ አግዳሚው ላይ ያሉት ይደሰታሉ። ላብ በአንገቱ ሲወርድ ያየ የለም።

ታዲያ ለምን አላሠራውም ትይኝ ይሆናል። ለማሠራት ስቱዲዮውን መዝጋት አለበት። ከዘጋ ደግሞ ማሽኑ ተበላሸበት ተብሎ ይወራል፣ በሰርግ ወቅት። ይኼን ወሬ ከሞት ይልቅ ፈራው። ዛሬን ብቻ እንውጣ፣ ጾም ሲገባ አሠራዋለሁ እያለ ቀን ገፋ።

ጾም ገባ። በዚያው ሰሞን የሙሽራይቱ አባት አረፉ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ልጅቷ ጥቁር ለብሳ ስቱዲዮው መጣች። ቪዲዮዋ ገና አላለቀም፤ የጥር ወር ሥራ ሁሉ ተከምሮበት ማሽኑንም አላሠራውም ነበር። ዘፈን ስትመርጥ በተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ አሁን ብቻዋን ተቀመጠች።

«ሌላው ይቆይ» አለችው። «የአባቴን ምርቃት ብቻ አሰማኝ። ያን ዕለት እያለቀስኩ አልሰማሁትም።»

ምን ነበረበት? ዘፈኑን ዘግቶ ድምፁን መክፈት ነው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ቢያደርግላት፣ ከዚያም ያችን ቁራጭ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ቢሰጣት፣ አልቆ ነበር። እሱ ግን ሁለት ነገር በአንዴ መጣበት። በአባቷ ድምፅ ላይ ዘፈን መጫኑን ታየዋለች ብሎ አፈረ። ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ ማሽኑ ጥፍት ቢልስ ብሎ ደነገጠ። ስለዚህ እንዲህ ጥሬውን አይሆንም፣ አሳምሬ ከሙሉ ፊልሙ ጋር እሰጥሻለሁ፣ ነገ ነይ አላት። እሺ አለችው። አመስግናው ነው የወጣችው፣ ይኼ ነው ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ።

እሷ እንደወጣች እጁ ወደ ፍላሹ ሄደ። እጁ ያውቅ ነበር፣ ትርሲት። ፍላሹን አንሥቶ ትንሽ ያዘው። ከዚያ ነገ ስትመጣ ምርቃቱን ብቻ ይዤ እንዳልጠብቃት፣ ፊልሙን አንዴ ላውጣውና ሁሉንም አብሬ እገለብጣለሁ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ዘፈኑን ዝቅ፣ የሽማግሌውን ድምፅ ከፍ አደረገ፤ ሊያዳምጠው ግን ጊዜ አልሰጠም። ሬንደር የሚለውን ተጫነ።

እንደ ልማዱ በር ላይ ወጥቶ ቆመ። ማራገቢያዎቹ ጮኹ፣ ጮኹና ቷ! የሚል ድምፅ ሰማ። ከዚያ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ ሲያወራው ዛሬም ፊቱ ይለወጣል። ተመልሶ ገባ። ከኬዙ ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል፣ መስታወቱ ውስጥ ጨለማ ነው። ማብሪያውን ቢጫነው የለም። ነቅሎ ቢሰካው የለም።

ጠጋኙ መጥቶ የተቃጠለችውን ሣጥን በአዲስ ቀየረለት። መብራቱ መጣ፤ ቀዩም ሰማያዊውም እንደ ድሮው ይሽከረከር ጀመር። ሰውዬው መብራቱን ሲያይ ደስ ብሎት ሊያለቅስ ነበር። ዲስኩ ግን አልተነሣም። ሣጥኗ ስትሞት የለቀቀችው ኃይል እሱንም ይዞት ሄዷል። ልጅቷን ነገ ነይ፣ ሰኞ ነይ እያለ እያመላለሳት፣ ዲስኩን የጠፋ ፋይል እናወጣለን ወደሚሉ ሰዎች አዲስ አበባ ላከው። ከዚያ ወር ሰርጎች ምንም አልተረፈም ብለው መለሱለት።

መጨረሻ ላይ ነገራት። መጮኋን ሲጠብቅ አልጮኸችም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ቀና ብላ አየችው።

«አንተ እኮ አጠገቡ ነበርክ» አለችው። «ምን አለኝ?»

ሰውዬው ቃላቸውን በትዝታው ውስጥ ፈለገ። የሽማግሌው እጅ ትዝ አለው። የመስኮቱ ብርሃን ትዝ አለው፣ የጋቢው ጥለት ሳይቀር ትዝ አለው። ከቃላቸው ግን አንዲት እንኳ አልመጣችለትም፤ ያንን ቦታ ደጋግሞ አይቶታል፣ አንድም ጊዜ አልሰማውም። ልጅቷ ዓይኑን እያየች ትጠብቃለች። ባዶ እጇን ልሰዳት ነው ብሎ ተጨነቀና ሰው ሁሉ የሚለውን አላት።

«ውለጂ፣ ክበጂ ነው ያሉሽ።»

«አባቴ እንደዚያ አይናገርም ነበር» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ቤት አልመጣችም። እሱም እዚያው ቀረ፣ መብራቱ በመስታወቱ ውስጥ እየዞረ።

ይኸውልሽ እንግዲህ፣ ትርሲት ልጄ። የትኛውን ልግዛ ነው ያልሽኝ። ሰውዬው ለአግዳሚው ብሎ መግዛቱ ስህተት አልነበረም። አንቺም ለአግዳሚው ነው መግዛት ያለብሽ፤ የምትሠሪው እዚያ ለሚቀመጡት ነው። እሱ ግን ለዓይናቸው ገዛላቸው፣ አደራቸውን ረሳው። ፍርሃቱም ትክክል ነበር። የማሽኑ ቃጠሎ ሲሸተው መፍራት ነበረበት። የተሸነፈው ለሌላው ፍርሃት ነው፣ ሰው ምን ይለኛል ለሚለው፤ ይኼኛው ጮክ ብሎ ስለሚናገር ሁላችንንም ያታልለናል። ኮምፒውተርም እንደ ሰው ነው፤ የሚያምረው ፊት ለፊት ይታያል፣ የሚያኖረው ከታች ተደብቆ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቢ ምን ያህል ይፈጥናል ብለሽ ከመጠየቅሽ በፊት፣ ይኼ ነገር የወደቀ ቀን ምን ይዞብኝ ይሄዳል ብለሽ ጠይቂ። ያችን ማንም የማያያትን ሣጥን ደህናዋን ውሰጂ። ዲስኩን ሁለት አድርጊው፣ ሦስተኛ ቅጂ እናትሽ ቤት ይቀመጥ፣ ቅጂው ሳይያዝ ሚሞሪ ካርድ አትሰርዢ። ካርድ አነሰኝ ካልሽም ሌላ ካርድ ግዢ። ከዚያ ከተረፈሽ መብራቱን ግዢ፣ እኔ አልከለክልሽም፣ ቀይም ሰማያዊም ይሁን።

ሻጩ ያንን ባለመስታወት አውጥቶ ሲያበራልሽ ደግሞ ልብሽ ይሄዳል፤ አውቅሻለሁ። ያን ጊዜ ያቺ ልጅ ጥቁር ለብሳ ከኋላሽ ተቀምጣለች ብለሽ አስቢ። ዘወር ብለሽ አትያት። ምን አለኝ ብላ ስትጠይቅሽ የምታሰሚያት ነገር እንዲኖርሽ አድርገሽ ብቻ ምረጪ። በይ አሁን ተነሺ፣ ሱቁ ሳይዘጋብሽ።