ኧረ ገብሴን

ከወንዙ ተነስቶ ወደ አምባው የሚወጣው የእግር መንገድ አቀበቱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ «ኧረ ገብሴን» የምትባል ጠባብ ቦታ አለች። ገበያተኛም ይሁን ጫማውን አጥብቆ አገር ለማየት የመጣ እንግዳ፣ ከወንዙ ዳር አንድ ድንጋይ ሳይዝ አይወጣም፤ እዚያ ሲደርስም ድንጋዩን መንገዱ ላይ አስቀምጦ ያልፋል። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው ይባላል።

ድሮ እዚያ ቦታ አያ ወንድይራድ የሚባል ገበሬ ነበር። በመንገዱና በገደሉ መካከል ካለችው ቁራጭ የገብስ ማሳ በቀር ሌላ መሬት አልነበረውም። ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ ስለሚጨቀይ፣ ሰዉ ጭቃውን እየሸሸ ዳር ዳሩን በገብሱ ላይ ይሄዳል፤ የተረገጠው ገብስ መንገድ ይሆናል፤ እሱም በተራው ይጨቀይና ሰዉ ሌላ ዳር ይፈልጋል። ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል እንዲሉ፣ ማሳዋ ከዓመት ዓመት እየጠበበች ልጆቹን ከመኸር መኸር ማድረስ ተሳናት።

ወንድይራድ በንዴት በገነ። እሾህ ቢያጥር መንገደኛው እሾሁን ዞሮ ጭራሽ ወደ ውስጥ ገባ። ቢቆጣ «አይ አያ፣ የኔ አንድ እግር ምን ይጎዳል?» ይሉታል። ሽማግሌ ቢሰበስብ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ገብሱን ረግጠው መጡለት።

እንደሚነገረው፣ አንድ ጭጋጋማ ቀን ወንድይራድ ጨው ተሸክሞ ከገበያ ሲመለስ ጭቃው ዘንድ ደረሰ። ሚስቱ የሺመቤት ማሳው ውስጥ አረም ስትነቅል ኮቴ ሰማችና፣ ሰውየውን ሳትለይ፣

«ኧረ ገብሴን! አንተ ዓይን የለህም? ኧረ ገብሴን!» ብላ ጮኸች።

«ማነው ደግሞ እሱ?» ብሎ ወንድይራድ በቁጣ ዞረ። ማንም የለም። ዝቅ ብሎ ቢያይ ገብሱን የረገጠው የገዛ እግሩ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተም?» አለችው።

ዕድሜውን ዳሩን ሲያጥር የኖረ ሰው መሀሉን ያን ቀን ገና አየው። ጨዉን አወረደ፣ እሾሁን ነቅሎ ገደል ሰደደ፣ ወንዝ ወርዶም ድንጋይ ተሸክሞ ወጣና ጭቃው ውስጥ ደለደለው። በሚቀጥለው ገበያ ወንዙ ዳር ቆሞ «ካሳ አልጠይቃችሁም፤ አንድ አንድ ድንጋይ ብቻ ይዛችሁልኝ ውጡ» እያለ መንገደኛውን ለመነ።

ዛሬ መንገዱ ድንጋይ ለብሷል፤ ገብሱም እስከ ጠርዙ ይበቅላል። ያም ሆኖ ድንጋዩ ቆረቆረኝ ብሎ ወደ ዳር የሚወጣ መቼም አይጠፋም፤ ያኔ ከማሳው «ኧረ ገብሴን!» የሚል ጩኸት ይሰማል። የረገጠው ሰው ወንዝ ተመልሶ ድንጋይ ያመጣል፤ የማሳው ባለቤት ቢሆንም እንኳ።