ማይም ሆኖ የተመለሰው ውሃ

«የጉቦ እድፍ በበዛበት መሥሪያ ቤት ተመደብኩ፤ ልግባ ወይስ ልቅር?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ምሳሌ መናገር የሊቃውንት እንጂ የእንደኔ ዓይነቱ ሥራ አይደለምና፣ አስቀድሜ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንድ ሰው ነበረ። ለሸማ ጥለት የሚሆን ድር በቀለም እየነከረ ይኖራል፤ የተረፈውን ቀይ ውሃ ወደ ወንዙ ይደፋል። ወንዙ ቀላ። የታች ሰፈር ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ስማ! ወንዛችን በአንተ የተነሳ ቀለም ገባው። የተማረ ውሃ ግን አይጠጣም፤ እኛ ማይሙን ነው የለመድነው። እስከ ቅዳሜ ካላጠራህ የቀለም በርሜልህን ገልብጠን አንተንም እንሸኛለን።»

ሰውየው ሌላ እንጀራ አልነበረውም። ጭንቁን ኬሚስትሪ ለምታስተምር ሴት ልጁ ነገራት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሽማግሌው ቆመው ሲጠብቁ፣ በብልቃጥ ጥቁር ዱቄት ይዛ ደረሰች።

«አባዬ፣ ይህ ዓይን የማይለየው የብረት ብናኝ ነው። ራቁቱን ቢገባ ስለሚዝግ ስስ ልብስ አልብሼዋለሁ። ቀለሙን የሚይዘውም ልብሱ ነው።»

ከቀዩ ውሃ አንድ ባልዲ ቀዳች፤ ዱቄቱን ነስንሳ አማሰለችው። ውሃው ከሰል መሰለ።

ሰውየው ራሱን ያዘ። «ኧረ ልጄ! በቀዩ ሊያባርሩን ነበር፤ በጥቁሩ ልታስቀብሪን ነው?»

ሽማግሌው ዱላቸውን ባልዲው ላይ አነሱ። ልጅቱ ግን ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የፈታችውን ማግኔት አውጥታ ከባልዲው ጎን ለጠፈችው። ብናኙ ቀለሙን እንዳቀፈ፣ ደወል እንደሰማ ምእመን ወደ ማግኔቱ ነጎደ። የባልዲው ወለል ታየ።

ሽማግሌው አጎንብሰው ውሃውን አዩና ዱላቸውን አወረዱ። «ተመስገን! ማይም ሆነልን!» አሉ። ቀጥለውም ወደ ሰውየው ዞረው፣ «በል፣ በርሜሉንም እንዲሁ አድርገው» አሉት። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳያጠራ አልደፋም፤ ብናኙንም እያጠበ መልሶ ይሠራበታል።

አንተም ልጄ፣ ግባ። ራቁትህን ግን አትግባ፣ ትዝጋለህ፤ ሥርዓት ለብሰህ ግባ። በመጀመሪያው ሳምንት «እሱም ጠቆረ» ቢሉህ አትደንግጥ፤ ብናኙም ተብሏል። ልብህ ብቻ ብረት ይሁን፤ ማግኔቱ ሕሊናህ ነውና፣ ሲጠራህ እድፉን ይዘህ ትወጣለህ። ብረት የሌለው ዱቄት ሲጠሩት አይሰማም፤ እዚያው ቀርቶ እሱ ራሱ እድፍ ይሆናል።

ይህን ግን አደራህን ለማንም እንዳትደግመው። መሥሪያ ቤትህ ከሰማ፣ በሩ ላይ «ማግኔት ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብሎ ይለጥፋል።