የሰማንያኛው ቀን ስም

በአንድ ወቅት፣ ወንድ የወለደች እናት አርባ ቀን፣ ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን ከደጅ በማትወጣበት አገር፣ ድንጋይ በር በምትባል መንደር፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ሦስተኛ ልጇን ወለደች። ልጂቱ ሴት ናት። ጎረቤቶቿ እልል አሉ፤ እልልታቸው ግን አጭር ነበር።

የፊተኞቹ ሁለቱ አልቆዩም። የመጀመሪያው ወንድ በሠላሳ ቀኑ፣ ሁለተኛዋ ሴት በሃምሳ ቀኗ ሞቱ። በዚያ አገር ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀበርም። አባታቸው ምንይችል በገዛ እጁ ከቤቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው ሥር ቀበራቸው። የትርንጎ መደብ የተሠራው ከዚያው ግድግዳ ጋር ተያይዞ ነው። ወደ ግድግዳው ዞራ ስትተኛ ከልጆቿ የሚለያት አንድ ስንዝር ጭቃ ነበር።

ይቺኛዋ ሰማንያ ቀን እንድትደርስ የማይደረግ ነገር አልነበረም። ስም እንኳ አላወጡላትም። የፊተኞቹ ቶሎ ስም ወጥቶላቸው ነበርና፣ ስም ሞትን ይጠራል ተባለ። ሰማንያው ሲሞላ የነፍስ አባታቸው ከበሩ መድረክ ላይ ቆመው ስሟን ሦስት ጊዜ ይጥሩ፤ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሂድ ተባለ። እስከዚያው «እሷ» ነበር የምትባለው።

የምንይችል እናት፣ እማማ ደብሪቱ፣ የምጡ ዕለት መጡና ቤቱን ያዙ። መስኮቱ አንድ ነው፤ ከመደቡ ራስጌ። በጭቃና በእበት ደፈኑት። በመደቡ ፊት ጋቢ ጋረዱ። አራስ ብረት ከአጠገቧ አይለይም ብለው ከትርንጎ ትራስ ሥር ማጭድ አስገቡ። እሳቸው መድረኩ ላይ አጎዛ አንጥፈው ተቀመጡ። ከመንገድ የመጣ ሰው ላቡ እስኪደርቅ ከውጭ ይቆያል፤ ከለቅሶ የመጣ ጭራሽ አይገባም። ባሏም ቢሆን ከጋቢው ወዲያ አያልፍም ነበር፤ የሚያድረው ከበሬዎቹ ጋር ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሴቶቹ ገንፎ ይዘው ይመጡ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏትና ከጋቢው ማዶ ተቀምጠው የየቤታቸውን ያወራሉ። በሁለተኛው ሳምንት እርሻ ተጀመረና ቀሩ። ከዚያ በኋላ ቀኑ ሁሉ አንድ ሆነ። ጭስ፣ አጥሚት፣ ጡት። ጭስ፣ ቅቤ፣ ጡት። ትርንጎ መንጋቱን የምታውቀው ዶሮዎቹ ሲወጡ ነው፤ መምሸቱን ደግሞ ሲገቡ።

«እማማ» አለች አንድ ቀን፤ «መስኮቱን አንድ ጣት ታህል ብቻ ይክፈቱልኝ።»

«ልጄ፣ የሁለቱ ነፍስ የወጣብን በዚያች መስኮት ነው።»

«እንግዲያው እስከ በሩ ልምጣ።»

«ምች ይመታሻል።»

«ምች ፀሐይ ይፈልጋል እማማ። እዚህ ገብቶ በምን ያየኛል?»

አሮጊቷ ሳቅ አሉ፤ ከመድረኩ ግን አልተነሡም። ከዚያ ወዲህ ትርንጎ ጠይቃ አታውቅም። እንዴት ያለች ጨዋ አራስ አለ መንደሩ። በዚያ አገር ዝም ያለች አራስ ደህና ናት ይባላል፤ ስለዚህ ማንም ሌላ ነገር አላሰበም።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ከወንዙ ማዶ መልእክተኛ መጣ። የእማማ ደብሪቱ እህት ሞተዋል። ያለቻቸው እህት አንዲት ነበረች። ከለቅሶ የመጣ አይገባም ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ከሄዱ ሰማንያው ሳይሞላ አይመለሱም። መልእክተኛው ቆሞ ጠበቃቸው።

«እህትዎ እኮ ናቸው» አለ።

«የሞተችው ሞታለች» አሉት። «ያልሞተችውን እጠብቃለሁ።»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና እዚያው መድረኩ ላይ ተቀመጡ። በአራስ ቤት አይጮኽምና አልጮኹም። ከወንዙ ማዶ ያሉት ዘመዶቻቸው ይህንን እስከ ዛሬ ይቅር አላሏቸውም።

ምንይችል ደግሞ በየጧቱ በሬ ጠምዶ ከመውጣቱ በፊት በቤቱ ጀርባ ይዞርና የተደፈነውን መስኮት በጣቱ ሁለት ጊዜ ይመታ ነበር። ትርንጎ ከውስጥ ሁለት ጊዜ ትመልስለታለች። ቃል አይለዋወጡም። በዚያ ቦታ ቆሞ መናገር ያቅተዋል፤ ከእግሩ ሥር ማን እንዳለ ያውቃል። በሃምሳኛው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ መለሰችለት። በሃምሳ አንደኛው ምንም አልመለሰችም።

ወደ ደጁ ዞሮ እናቱን ጠየቃቸው። ተኝታለች አሉት። ልያት አለ። ከጋቢው አታልፍም አሉት። አልተከራከረም። ዶማውን አነሣና በጀርባ ተመልሶ የተደፈነውን መስኮት ይቆፍር ጀመር። እናቱ እየሮጡ መጡ። አልሰማ ሲላቸው በጡታቸው ረገሙት፤ በዚያ አገር ከእናት ጡት የከፋ እርግማን የለም።

«ልጂቱ ብትሞት እጅህ ነው» አሉት።

«ሁለቱን የቀበረውም ይኸው እጅ ነው» አለና ቆፈረ።

ጭቃው ሲረግፍ ብርሃን መደቡ ላይ ወደቀ። ትርንጎ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። ዐይኗ ተገልጧል፤ ብርሃኑን ግን አላየችውም። ጡቷ ነጥፏል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። ሕፃኗ አፏን ከፍታለች፤ ድምፅ የላትም። ከንፈሯ ዐመድ መስሏል።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ወለላ ሸክላዋን አዝላ፣ የአራት ወር ልጇን በፊቷ ታቅፋ በዚያ ታልፍ ነበር። ወለላ ሸክላ ሠሪ ናት። መንደርተኛው በማሰሮዋ እየቀቀለ ዐይኗን ይፈራል። ሕፃን ያለበት ቤት ስትደርስ መንገድ ቀይራ እንድታልፍ የታወቀ ነው፤ እሷም ትቀይር ነበር። የትርንጎ ሁለት ልጆች ሲሞቱ ስሟ ሳይነሣ አልቀረም። ያን ቀን ከዚያ ቤት ብትገባና ሕፃኗ ብትሞት፣ ከአገር መባረር ቀላሉ ነበር።

ዶማውን ሰምታ ቀና ስትል በተገመሰው መስኮት የትርንጎን ሕፃን አየች። ሸክላዋን አወረደች። ልጇን ለምንይችል አስታቀፈችውና በመስኮቱ ገባች። እማማ ደብሪቱ በበሩ ዞረው ገቡ፤ ማጭዱን ከትራሱ ሥር መዘዙ። ወለላ ሕፃኗን አንሥታ ጡቷን አጉርሳት ነበር።

«ይምቱኝ እማማ» አለች። «ግን መጀመሪያ ትጥባ።»

ወለላ ወተቱን በአፏ ጠብ ጠብ አደረገችላት። ከዚያ ሕፃኗ ዋጠች። ስትውጥ ከውጭ ተሰማ። እማማ ደብሪቱ ማጭዱን ቀስ ብለው አወረዱና ወደ ቦታው መለሱት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወለላ ጧት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ ትመጣ ነበር። መግቢያዋ መስኮቱ ነው፤ እማማ ደብሪቱ ከመድረኩ አልተነሡላትምና። ትርንጎን አይዞሽ አላለቻትም። የገበያውን ወሬ ነው የምትነግራት። አንዲት ሴትዮ ማሰሮ ገዝታ፣ ከእጇ ጥላ ሰብራው፣ ዐይንሽ ነው የሰበረው ብላ ስባሪውን እንደመለሰችላት አወራቻት።

«ምን አልሻት?» አለች ትርንጎ። መስኮቱን ይክፈቱልኝ ካለች ወዲህ የጠየቀችው የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

«ዐይኔ ይህን ያህል ጉልበት ካለው ጭቃውን ለምን በእግሬ እረግጣለሁ አልኳት።»

ትርንጎ ሳቀች። መድረኩ ላይ ያሉትም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። በስድሳ ሦስተኛው ቀን የትርንጎ ጡት ጥቂት ወተት ያዘ። የወለላ ልጅ ግን ከሳ፤ ለሁለት የሚበቃ አልነበራትምና።

ሰማንያው ቀን ሞላ። ልጂቱ በሕይወት አለች። የነፍስ አባታቸው ማልደው መጡና ከመድረኩ ላይ ቆሙ። ስሟ ማን ይባል ብለው ጠየቁ።

እማማ ደብሪቱ ቀድመው ተናገሩ። ሰማንያ ቀን ከዚህ መድረክ አልተነሣሁም፤ እህቴን አልቀበርኩም፤ ሞት በዚህ በር ያልገባው እኔ ስለተቀመጥኩበት ነው አሉ። የእህታቸው ስም ዝናሽ ነበር። አፈር ያላለበስኳት እህቴ በዚህች ትጠራ አሉ።

ምንይችል ቀጠለ። መስኮቱ ባይከፈት ማንም ምንም አያይም ነበር አለ። እርግማኑ እስከ ዛሬ በራሱ ላይ ነው። ከግድግዳው ሥር ያለችው ሁለተኛዋ ልጁ ስንቄ ትባል ነበር፤ ስሟ ቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ ቀርቷል። በእህቷ በኩል ይድረስላት አለ።

«የሙት ስም ለሕያው ልጅ?» አሉ እናቱ።

«እርስዎስ ያሉት የማንን ነው?»

«እህቴ ሰባ ዓመት ኖራበታለች።»

ወለላ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነበር። ነፍስ አባትየው እሷንም ጠሯት። እኔ ስም ላውጣ አልልም፤ አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ አለች። ሳጠባት ዝም ብዬ ማጥባት አቅቶኝ ብርቄ እያልኩ እጠራት ነበር። በሌላ ስም ብትጠሯት ዞራ የምታይ አይመስለኝም። ይህን ብላ ከቆመችበት ሆና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠራቻት። ልጂቱ በእናቷ እቅፍ ውስጥ ራሷን ወደ አጥሩ አዞረች።

መንደሩ ተከፈለ። ጠባቂ ባይኖር እስከ ሃምሳ ቀን አትደርስም ነበር ያለ አለ። ብርሃን ባይገባ ወተቱ መንጠፉን ማን ያውቅ ነበር ያለ አለ። ወተት ባይገኝ ብርሃኑ ሬሳ ያሳየን ነበር ያለም አለ። እንዲያውም ብርሃኑም ወለላም ከንቱ ናቸው፤ ልጂቱን ያኖራት ስም አለማግኘቷ ነው ያሉ አልታጡም።

ትርንጎ በመድረኩ ውስጥ በኩል ቆማ ነበር። እግሯ ገና ወደ ውጭ አልወጣም።

«አንቺስ?» አሏት ነፍስ አባቷ።

«ማን ምን እንዳደረገ ሰማሁ» አለች። «ሁሉም እውነት ነው። እኔን ምን እንዳደረግሁ የጠየቀኝ ግን የለም።»

«ምን አደረግሽ ልጄ?»

«እማማ ከቀትር በኋላ መድረኩ ላይ ያንቀላፋሉ። በሩ ክፍት ነበር፤ ወንዙም ቅርብ ነው። ማጭዱ ከትራሴ ሥር ነበር። ወሩን ሁሉ ወንዙንና ማጭዱን እያሰብኩ ተኛሁ።» ልጂቱን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። «አልተነሣሁም።»

እማማ ደብሪቱ የተቀመጡበትን አጎዛ ያዩ ጀመር። ምንይችል እጁን አየ። ወለላ ከአጥሩ ውጭ ልጇን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዛወረች።

«ያሰብሽው ስም አለሽ?» አሏት ነፍስ አባቷ።

«አለኝ» አለች። አልተናገረችውም። እንዲፈቅዱላት ጠበቀች።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። ነፍስ አባትየው አንድ እግራቸው ከመድረኩ ወዲህ፣ አንድ እግራቸው ወዲያ ነው። መጥራት የሚችሉት አንድ ስም ብቻ ነው፤ ሦስት ጊዜ ከተጠራም አይመለስም። እህታቸውን ያልቀበሩት ቆመዋል። የተረገመው ቆሟል። የራሷን ልጅ አስርባ ያጠባችው ቆማለች። ያልተነሣችውም ዛሬ ተነሥታ ቆማለች።

እናንተ ይህን የሰማችሁ፣ ደወሉ ሳያበቃ ለነፍስ አባትየው ንገሯቸው፤ የልጂቱን ስም ማን ያውጣ?