እመት ጃርት የተጫረተችው እሾህ

ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ ጆሮ የሌላችሁ ከጎናችሁ ካለው ተዋሱ። ተረት ላወራ ነው።

በድሮ ዘመን እንስሳት ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ዝሆን ጉልበት የለው፣ አንበሳ አያገሳ። ጃርትማ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ገላዋ ጥጥ ነበር። በኋላ ግን "እንዲህ ተመሳስለን እስከ መቼ?" ተባለና ችሎታ ሁሉ በጨረታ እንዲከፋፈል ተወሰነ። አጫራቹ ሽማግሌው ሙቀጫ፣ ጨረታ ዘጊው ልጁ ዘነዘና ሆኑ። ለእያንዳንዱ እንስሳም ሃያ ሃያ ፍሬ ባቄላ ታደለው።

"ሕጌን ስሙ!" አለ ሙቀጫ። "የጠራችሁትን ያህል ባቄላ አፌ ውስጥ ትጨምራላችሁ። ብታሸንፉም ብትሸነፉም የዋጥኩትን አልመልስም!"

ነብር ለሕጉ ደንታ አልነበረውም። ዓይኑ ጃርት ላይ ነበር።

"እመት ጃርት፣" አላት፣ "የምትጫረቺውን ሁሉ እነጥቅሻለሁ። ባዶሽን ትቀሪና ዛሬውኑ ከነልጆችሽ እራቴ ናችሁ።"

ጃርት ሁለት ልጆች ነበሯት። ፈራች። ግን ጠዋት ቀድማ መጥታ ለሙቀጫ ደጁን ስትጠርግለት ለጨረታ የቀረበውን ሁሉ አይታለች። ከሁሉም ኋላ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው አንድ እስር እሾህ ነበር። ልቧ እሱ ላይ ቀረ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም።

"ጉልበት!" ብሎ ጮኸ ሙቀጫ።

"ወይኔ ጉልበት! እሱንማ ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ! አንድ!" አለች ጃርት።

"ሰባት!" አለ ነብር ከአፏ ቀምቶ።

"ሃያ!" አለ ዝሆን። እሱ ነገር ማብዛት አይወድም።

ዘነዘና ዷ! ዷ! ዷ! አለ፤ ጉልበት የዝሆን ሆነ። ሙቀጫ የሦስቱንም ባቄላ ዋጠ። ነብር ሰባት ፍሬ አጥቶም ይስቃል፤ ጃርት አላገኘቻ!

"ግሳት!" አለ ሙቀጫ።

"ኧረ በልጆቼ ሞት፣ ግሳቱን ለእኔ! አንድ!" አለች ጃርት።

"አምስት!" አለ ነብር።

"ሃያ!" አለ አንበሳ። ዷ! ዷ! ዷ!

"ዛፍ መውጣት!"

ጃርት ማልቀስ ጀመረች። "ይሄን እንኳ ተዉልኝ፣ ምን አደረግኋችሁ? ሁለት!" ጉድጓድ ውስጥ ለምትኖር ዛፍ ምን ሊሠራላት? ነብር ይህን ቢያስብ ጥሩ ነበር፤ አላሰበም።

"ስምንት!" ብሎ የቀረችውን ባቄላ ሁሉ ሙቀጫ አፍ ውስጥ ገለበጠ። ዛፍ መውጣት የነብር ሆነ። ጢሙን ላሰ።

"የመጨረሻው፣ አንድ እስር እሾህ!"

እንስሳቱ በሳቅ ፍርስ አሉ። "ቂጡን ሊወጋ ማን ይወስደዋል?" አለ ጅብ።

"አንድ፣" አለች ጃርት ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ነብር ደነገጠ። ከረጢቱን ገለበጠ፣ አራገፈ፣ አገላብጦ አሸተተ። አንዲት ፍሬ የለችም።

"አያ ሙቀጫ፣ ከዋጥካት አንዷን ብቻ መልስልኝ!"

"ልጄ፣ ስናገር የት ነበርክ?" አለው ሙቀጫ። ዷ! ዷ! ዷ!

ጃርት እሾኹን ጀርባዋ ላይ ደረበች፤ ለልጆቿም አካፈለቻቸው። የተረፋትን አሥራ አምስት ባቄላ ንፍሮ ቀቅላ አብረው በሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነብር እንደዛተው መጣ። አደባ፤ ዘለለ፤ ነከሰ። ወዲያው "ዋይ አፍንጫዬ! ዋይ አፌ!" እያለ በአቅራቢያው ያለ ዛፍ ላይ ወጣ።

"እሰይ፣ አያ ነብር!" አለችው ጃርት ከሥር ሆና። "አወጣጡንስ አሳምረህ ተጫርተሃል!"

ሌላው እንዳያገኝ ብቻ የሚጫረት፣ ለራሱ የሚበጀውን ሳይጠይቅ ጨረታው ይዘጋበታል።

እናንተ ተረቴን ተቀበሉኝ፤ ለጉሮሮዬ ውሃ አቀብሉኝ።