በአሜን የተገዛች መኪና

ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ በተቆረቆረች በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሊገዛ ተነሥቶ ሲዋልል ያዩት እንደ ሆነ፣ ሽማግሌዎች አንዲት አጭር ምሳሌ ጣል አድርገውለት ያልፋሉ። ወጣቶቹ ምሳሌዋን ከጥንት ጀምሮ ስትወርድ ስትዋረድ የመጣች ይመስላቸዋል፤ ቃሏም በእርግጥ የጥንት ቃል ይመስላል። ነገር ግን የተነገረችበትን ቀን፣ የተነገረችበትን መንገድና የተነገረችለትን ሰው የሚያስታውሱ ዛሬም በሕይወት አሉ። ከእነርሱም መካከል ታሪኩን እየሣቀ የሚናገር አንድ እንኳ የለም።

ሰውየው ባያብል ተገኘ ይባላል፤ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው እህል ሲፈጭ ከመኖሩ የተነሣ ዱቄቱ ከቅንድቡና ከጆሮው ጓዳ አይወጣም፤ በበዓል ቀን ታጥቦ ነጭ ለብሶ እንኳ የጤፍ ሽታ ይከተለው ነበር። ከተማው «ባያብል ዱቄቱ» ይለዋል። ሲጠሩት ይሥቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን አይሥቅም። በሚዛኑ የማይታማ፣ የድኻ ሴት ቁና ሲመጣ ተራ የሚያስቀድም ጨዋ ሰው ነበር። ሆኖም ጨዋነቱ አንድ በሽታ ነበረበት፤ ሰው ምን ይለኛል ከሚል ፍርሃት የሚለይበት ድንበር አልነበረውም።

በዚያ ዓመት ወፍጮው መታመም ጀምሯል። ሞተሩ ጠዋት ሲነሣ እንደ ሽማግሌ ያስላል፤ ከቀትር በኋላ እየጋለ ይቆማል። ባያብልና ሚስቱ አስረሴ ይህ ቀን እንደሚመጣ አስቀድመው አውቀው ለአዲስ ሞተር የሚሆን ገንዘብ አሥራ ሁለት ዓመት ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። ሞተሩ ካልተለወጠ ወፍጮው ይቆማል፤ ወፍጮው ከቆመ የአምስት ልጆች እንጀራ ይቆማል። ይህን ለመረዳት ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ባያብልም አሳምሮ ያውቀው ነበር።

እንዲህ ሳለ አቶ ልሳነወርቅ ከአዲስ አበባ መጡ። አቶ ልሳነወርቅ የከተማይቱ ተወላጅ፣ በንግድ የከበሩ፣ የባያብልን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሡ አበልጁ ናቸው። የመጡት በጥቁር መኪና ነው። መኪናይቱ ረጅም፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ አፍንጫዋ ብር በሚመስል ብረት የተለበጠ፣ ወንበሯ የማር መልክ ያለው ቆዳ የለበሰ፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ጨዋ ሰው ሳል ዝቅ ያለ ድምፅ ብቻ የምታሰማ ነበረች። ባያብል ምሳውን ሲበላ ዓይኑ ከመስኮቱ አልተነቀለም።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ። «ከእንግዲህ መሪ አልይዝም። ለባዕድ ከምሸጣት ላንተ ትሁን ብዬ ነው ያመጣኋት። ግን ስማኝ፣ አበልጄ፤ ሳይነግሩኝ ብለህ ኋላ እንዳትወቅሰኝ። አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር አልፋለች። እኔ ሦስተኛ ባለቤቷ ነኝ። መካኒክ አምጣና አሳያት።»

«ምነው ጋሼ! በእርስዎ ቃል ላይ መካኒክ ልሹም? እንዲያማ ከሆነ አበልጅነቱ የት አለ?»

«አበልጅነቱ ሌላ፣ ካምቢዮው ሌላ። እኔ ቃሌን እንጂ የሞተሯን ሆድ አላውቅም።»

«ብዙ የሄደ ብዙ ያውቃል ይባል የለም?» አለ ባያብል ሣቅ ብሎ።

«ሰው ከሆነ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፤ እርሳቸው ግን አልሣቁም። ሦስት ቀን እንዲያስብበት ነግረው፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ ዘመድ ሊጠይቁ ወደ ገጠር ወረዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ባያብል እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ መኪናይቱን እስከ ወፍጮ ቤቱ ነዳት። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ስልቻዋን ተሸክማ ስትመጣ አገኘ። ለዓመታት እህሏን የፈጨላት ሴት ናት። ከመስተዋቱ በስተጀርባ ማን እንዳለ አላየችምና ወደ ዳር ፈቀቅ ብላ አንገቷን ደፍታ፣ «ይለፉ፣ ጌታዬ» አለችው። ይህች ቃል በጆሮው ገብታ እስከ አጥንቱ ወረደች። በዕድሜው ጌታዬ ያለው ሰው አልነበረም።

አስረሴ የባሏን ፊት ማንበብ ታውቃለች። ሲመለስ ከደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ሙሉሰውን ጠርቼዋለሁ» አለችው። ሙሉሰው በከተማይቱ የጭነት መኪና የሚጠግን መካኒክ ነው።

«ምን አደረግሽ? ጋሼ ልሳነወርቅ ቢሰሙስ?»

«ራሳቸው አሳያት ብለውህ የለም እንዴ?»

«እርሳቸው ያሉት ለጨዋነት ነው። የእኔ ጨዋነት ደግሞ አለማሳየት ነው።»

«እናንተ በጨዋነት ስትሽቀዳደሙ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

ሙሉሰው መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ፤ ሞተሩን አስነሥቶ ከኋላ ዞረና ጭሱን ተመለከተ፤ መኪናይቱን እስከ ገበያው ጥግ ወስዶ መለሳት። ከወረደ በኋላ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ብዙ ቆየ።

«ጋሼ ባያብል፣ ዘይት ትበላለች። ጭሷን ይዩት፣ ሰማያዊ ነው። እሱስ ይሁን። ካምቢዮዋ ግን ማርሽ በለወጠች ቁጥር ይመታል። ይህን ዓይነት ካምቢዮ የሚከፍት ሰው ከዓባይ ወዲህ የለም፤ ዕቃውም የለም። እኔ የጭነት መኪና ሐኪም ነኝ። የዚህችን የበሽታዋን ስም እንጂ መድኃኒቱን አላውቅም።»

«ቀስ ብዬ ብነዳትስ?»

«ቀስ ብለው ቢነዷት፣ ቀስ ብላ ትሞታለች።»

አስረሴ የድካሙን ልትከፍለው ብትዘረጋለት፣ «ካልገዟት ምርቃታችሁ ይበቃኛል፤ ከገዟት ግን አይቸኩሉ፣ ገና ብዙ ትከፍሉኛላችሁ» ብሎ እየሣቀ ሄደ።

በዚያ ምሽት ባያብል እራት ቀርቦ፣ «ልክ ናችሁ፤ ልተዋት ነው። ነገ ማኅበር ውዬ ከነገ ወዲያ ቁልፉን እመልሳለሁ» አለ። አስረሴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያም መኪናይቱ ደጃቸው ከቆመች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኮት አሻግራ አይታት፣ «ለማየትስ ታምራለች» አለች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምሳሌም ባልተፈጠረ፤ ባያብልም እህሉን እየፈጨ በሸመገለ።

በማግሥቱ የሚካኤል ማኅበር ነበር። ባያብል ከተሰበሰቡበት ቤት ጎንበስ ብሎ ሲገባ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

«ተነሡ፣ ተነሡ! ባለመኪናው መጣ!»

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድሜ!»

«ከእንግዲህስ ዱቄቱን አራግፈህ ግባ!»

አንዲት አሮጊት ከጥግ ሆነው፣ «እኔ እንደ ሆነ በዚያች ካልሆነ አልቀበርም ብያለሁ፤ እስክትለመድ ድረስ ነፍሴን ይዤ እቆያለሁ!» ቢሉ ሰው ሁሉ ሣቀ። ባያብልም ሣቀ። «ገና ነው፤ አልገዛኋትም» የሚለው ቃል ከምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ትንሽ ሣቁ እስኪበርድ ልጠብቅ አለ። ሣቁ በረደ። በዚያች ቅጽበት ግን የማኅበሩ ካህን መምሬ ፈንታ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ።

«ከክፉ አደጋ ይሰውራት! ያዝልቅልህ! የደስታ መመላለሻ ያድርግልህ! ሀብትህን ከምቀኛ ዓይን አምላክ ይጠብቅልህ!»

ሠላሳ ጥንድ ዓይን አንድ አፍ ላይ ተተከለ። ለምርቃት የሚመለስ መልስ አንድ ነው፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

«አሜን» አለ ባያብል።

ሰው በፊርማ ይገዛል፤ ሰው በምስክር ይገዛል፤ ሰው እጅ በመማታት ይገዛል። ባያብል ግን በአሜን ገዛ። በካህን አፍ የተመረቀችውን መኪና በማግሥቱ ቢመልስ፣ «አቅም አጥቶ ነው፤ ለአንድ ቀን ተውሶ ሲታይባት የነበረው» እንደሚሉት በልቡ ሰማው። ያልተባለውን ሐሜት ሰምቶ፣ የተባለውን እውነት ረሳ።

አስረሴ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም።

«ምርቃቱን ተቀበልህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ቄስ መርቀውኝ አይሆንም ልበል?»

«አዎን። ለአንድ አፍታ ታፍራለህ፤ ከዚያ ሰው ይረሳዋል።»

«አንቺ ሰው አታውቂም።»

«አንተ ደግሞ ረኃብ አታውቅም» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መኪናይቱ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ባያብልም ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠረው። ዝምታዋ ግን ፈቃድ አልነበረም።

አቶ ልሳነወርቅ ከገጠር ሲመለሱ ለወፍጮው ሞተር የተጠራቀመው ገንዘብ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው።

«አሳየሃት?»

«አሳይቻለሁ።»

«ምን አሉህ?»

ባያብል ሽማግሌውን ማሳፈር መሰለውና፣ «ምንም አይላትም አሉኝ» አለ። አቶ ልሳነወርቅ በደከመው ዓይናቸው ትኩር ብለው አዩት። ከዚያም ቁልፉን በእጁ አኖሩለት።

የባያብል ጌትነት ስድስት ሳምንት ቆየ። በስድስቱ ሳምንታት «ዱቄቱ» ያለው የለም። ነገር ግን ጌትነት ያለ ጭነት አይመጣምና፣ የታመመ ያለበት፣ ሙሽራ የሚያስወስድ፣ እንግዳ የሚቀበል ሁሉ ደጁን ጠና። እምቢ ማለትን ትናንት ያላወቀ ዛሬ ከየት ያመጣዋል? ሲያመላልስ ይውላል፤ የወፍጮው ሞተር ሲያስል የሚሰማው አስረሴ ብቻ ሆነች። ባያብል ዘይት ቀን በቀን ይጨምርላታል፤ ካምቢዮው በመታ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል፣ ተሳፋሪዎቹ እንዳይሰሙት።

በሰባተኛው ሳምንት ከዓባይ ማዶ ለቅሶ ተጠራ። ባያብል አራት የማኅበር ሽማግሌዎችን አሳፍሮ ወረደ። ቁልቁለቱን በደኅና ጨረሱ፤ ለቅሶውንም ደረሱ። ሲመለሱ፣ ድልድዩን ተሻግረው ዳገቱን እንደ ጀመሩ፣ የመኪናይቱ ካምቢዮ ሁለት ጊዜ በኃይል መታና ሞተሯ እየጮኸ ጎማዋ ቆመ። ከዚያም በዝግታ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ባያብል ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረግጦ ያዘ። ሽማግሌዎቹ ወርደው፣ የለቅሶ ኩታቸውን አደግድገው፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አኖሩ። በዚያ እሳት በሚተፋ በረሃ ግማሽ ቀን ተቀምጠው፣ በመጨረሻ ሽንኩርት የጫነ መኪና አግኝተው ከሽንኩርቱ በላይ ወጡ። በመንገድ ላይ ማንም አልወቀሰውም። አንዱ ሽማግሌ ብቻ፣ «ይሁን፣ ልጄ» አሉት። ባያብል ከዚያ ቃል ስድብ በተሻለው ነበር።

መኪናይቱ ተጎትታ ከሙሉሰው ግቢ ገባች። ሙሉሰው ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ መልሶ ዘጋው። «ብዬዎት ነበር» አላለም። ወደ አዲስ አበባ ሰው ተላከ፤ ዕቃው የለም ተባለ፤ ቢገኝም ዋጋው ሌላ መኪና ይገዛል ተባለ። በዚያው ወር የወፍጮው ሞተር አንድ ጠዋት ሲያስነሡት አንድ ጊዜ አጓርቶ ዝም አለ፤ ዳግመኛም አልተነሣ። ሴቶች ስልቻቸውን እንደ ተሸከሙ ደጁ ድረስ መጥተው፣ ቆመው አዝነው፣ ወደ ታችኛው ሰፈር ወፍጮ አለፉ። ሰንብቶ አስረሴም ወደዚያው ሄደች። የሄደችው ግን ልታስፈጭ አልነበረም፤ በቀን ሠራተኝነት የሰው ዱቄት ልትጠርግ ነበር። ማታ ስትገባ ቅንድቧ ነጭ ሆኖ ባያት ጊዜ ባያብል ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ።

ክረምት ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ። በመጨረሻ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ነጋዴ ወደ ሙሉሰው ግቢ መጣና መኪናይቱን ዞሮ በመዶሻ አንኳኳት።

«እኔ የምገዛው ብረት ነው» አለ፤ ወንበሮቿንም ነቅሎ ከጭቃው ላይ ጣለ። የፊተኞቹ በስብሰዋል። የኋለኛው የቆዳ ወንበር ብቻ እንደ ነበረ ነበር፤ የማር መልኩም አልጠፋም።

«ምን ሊያደርጉልዎት ነው፣ ይተዉት እንጂ» አለ ሙሉሰው።

«ሌላ ምን ቀረኝ?» አለ ባያብል።

ወንበሩን በጀርባው አዝሎ በገመድ አስሮ ወጣ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ወደ ቤቱ የሚያደርሰውም መንገድ በገበያው መካከል ያልፋል። ያ ሰፊ የቆዳ ወንበር ከራሱ በላይ ወጥቶ፣ እርሱ ከሥሩ አጎንብሶ፣ ከመሬት በቀር ምንም ሳያይ ሄደ። ይሥቁብኛል ብሎ ጆሮውን አዘጋጅቶ ነበር፤ ማንም አልሣቀም። ገበያው በፊቱ እየተከፈለ መንገድ ለቀቀለት፤ ባለፈበትም ሁሉ ጫጫታው ጸጥ እያለ ከኋላው ቀረ። ምን ይለኛል ብሎ የፈራው ሕዝብ ይኸው ነበር። አንድም ቃል አልተናገረውም።

ከገበያው ዳር፣ ዕድሜያቸውን በበቅሎ ንግድ የፈጸሙ አያ ቢሻው የሚባሉ ሽማግሌ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ባያብል በፊታቸው ሲያልፍ ተነሥተው ከዓይናቸው እስኪሰወር ድረስ እንደ ቀብር ሸኙት፤ ከታጠፈበትም በኋላ ገና አልተቀመጡም። ከልጆቹ አንደኛው፣ «አያ፣ ያ ሰውዬ የተሸከመው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፣ «ኮርቻ አይቶ በቅሎ የገዛ፣ ኮርቻ ተሸክሞ ይገባል» አሉ።